ሁለት ጣት

ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንደ ውሃ ትፈስሳለች፤
መሪዋን ሳጥፍባት ግን ታለቅሳለች።
ወገቧን እንደያዛት ሰው ታቃስታለች፣
ፍሬን ሳልነካ፣ አንዳች እጅ ከኋላ እንደያዛት ትንቀጠቀጣለች።

ከመልካሳ ቲማቲም ጭኜ አዳማ ልገባ፣
አደባባዩን ገና ከሩቅ ሳየው ሆዴ ባባ።

የመጀመሪያው መካኒክ «ካምቢዮ ነው» አለ፣
ስልሳ ሺህ ብር ጠርቶ ሻዩን አማሰለ።
ሁለተኛው ክሮቼራ ቀየረ፣ አስከፈለ፤
በነጋታው ስዞር ግን ያው ልማዷ ቀጠለ።
ሦስተኛው ኮፈኗን ሳይከፍት፣ ሥሯንም ሳያይ፣
«ሽጠህ ተገላገል» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ከስልኩ ላይ።

የሰንበቶ ጋራዥ ከልብስ ሰፊው ጎን ናት፣ ወንጂ መውጫ፤
ቆርቆሮዋን ያዳማ ነፋስ ቀን ከሌት የሚያቀምሳት ጡጫ።

ኮፈን አልከፈተም። ክሪክ አላነሳም።
ሬዲዮኑን ዘጋና በርጩማ ሳበልኝ።

«መቼ ነው የሚያማት?»
ስዞር።
«ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ?»
ወደ ሁለቱም።
«ጠዋት ስትነሳ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ?»
ስትሞቅ ይብስባታል።
«አስፋልት ላይ? አፈር ላይ?»

እዚህ ጋ ዝም አልኩ።
ለካስ አፈር ላይ ሰላም ናት!
ከእርሻው እስከ ዋናው መንገድ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ፣
በዚያ ሁሉ ጥምዝ፣ አንድም ቀን አልተነጫነጨችም።

ሰንበቶ ፈገግ አለ፤ ግራሶ በነካው እጁ ፂሙን ዳሰሰ።
«አፈር ይቅር ባይ ነው፤ ጎማ ቢሳሳት ሸርተት አድርጎ ያልፈዋል።
አስፋልት ግን ሒሳብ ያዥ ነው፣ ስንዝሯን ሁሉ ይቆጥራል።
አራት እግሯ የሚጎትት መኪና፣ አራት ሰው የተሸከመው ቃሬዛ ናት፤
አንዱ ቁመተ ረጅም ከሆነ፣
የሚታመመው መሃል የተኛው ነው።
እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ሳይጀምራት በፊት ምን ቀየርክ?»

ምንም፣ ልል ነበር።
ከዚያ ሞጆ ትዝ አለችኝ፤ የፈነዳው ጎማ፣ የጠራራው ፀሐይ፣
ተከራክሬ የገዛሁት አዲሱ፣
ጥቁር፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ ሽታው ያልለቀቀ፤
ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ያሳየሁት።

ቦንሳን ላከው፣ ሜትር ተበድሮ መጣ ከልብስ ሰፊው፤
«ዘይት እንዳታስነኩብኝ፣ የሙሽራ ሱሪ ይዣለሁ!» እያለ ሲጮህ ሰውየው።
ሰንበቶ ተንበርክኮ የጎማዎቹን ወገብ ለካ፣ ሙሽራ እንደሚለካ፤
ሦስቱ እኩል ወጡ።
አዲሱ በሁለት ጣት በለጠ።

ሁለት ጣት!
ስልሳ ሺህ ያስጠራው፣ ደህናውን ክሮቼራ ያስጣለኝ፣
ሌሊት ጣሪያ ያስቆጠረኝ፣ ከሚስቴ ያኳረፈኝ፣
ሁለት ጣት።

«ትልቁ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ትንንሾቹ ይሮጣሉ፤
መሃል ያለው ዲፍሬንሻል ሲያስታርቅ ውሎ ይግላል፤
ሲመረውም ጥርሱን ነክሶ ይቆልፋል።»
ይህን ብሎ ሥሯ ገባ። ቡሎን ፈታ፣ ዘይቱን በጣቱ ነክሮ አሸተተ፣
በፀሐይ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ የብረት ፍቅፋቂ ፈለገ።
«አሯል» አለ፣ «ግን አልሞተም።»

ዘይት ቀየረ። የእጁን ሦስት መቶ ብር ተቀበለ፣
ሃምሳውን «ለሜትሩ ኪራይ» ብሎ ለቦንሳ ሰጠ።

በማግስቱ ጎማ ተራ ዞርኩ፦
«ያረጀ ጎማ አለህ? ልክ እስከዚህ ያለቀ?»
ሻጩ እስኪያስለው ሳቀ።
«ሃያ ዓመት ሸጥኩ፣ እርጅና በልክ የጠየቀኝ አንተ ነህ።»
አገኘልኝ ግን። አዲሱ አሁን ከኋላ፣ ከቲማቲሙ ሣጥን ሥር ተኝቷል፣
እኩዮቹን የምገዛበት ብር እስኪሞላ።

አደባባዩን ዞርኩ። ዝም።
ደገምኩት። ዝም።
በሦስተኛው የትራፊኳ ፊሽካ ጮኸ፦
«ምነው፣ መንገድ ጠፋህ እንዴ?»
አልጠፋኝም፣ እህቴ፤
አንዴ ብቻ፣ እባክሽ፣ አንዴ ብቻ ልድገም።