የሐሙስ ወንበሮች

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሳ መልስ፣
አርባ ወንበር እዘረጋለሁ፣ ከጋዜጣው መደርደሪያ እስከ መስኮቱ ድረስ።
ትእዛዙ አርባ ነው። የሚመጣው አሥራ አንድ፤
እሱም ግማሹ ዝናብ ሸሽቶ፣ ታክሲ ሲጠፋ ከመንገድ።

«ክረምት ከደራሲ ጋር» ይላል በሩ ላይ የለጠፍነው ወረቀት፤
ቀለሙ ቀልጧል፣ ፍንጣቂ ነካክቶት።
«ራ» እግሯ ረዝሞ እስከ ሰዓቱ ወርዳለች፤
«ተዋት» ይለኛል ጉደታ፣ ጥበቃው፣ «መቆም ሰልችቷት እግሯን ዘረጋች።»

በሰኔ መጨረሻ አንድ ለጋ ገጣሚ መጣ፣
መቶ ቅጂ በማዳበሪያ ቋጥሮ፣ በእግሩ ከስድስት ኪሎ፣ ለታክሲ ቢያጣ።
ሦስት ሸጠ። አንዱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ በዱቤ፤
ዕዳው በደብተሬ፣ አንድ ስንኙ በልቤ።

ቀጥሎ የመጣችው የፈረሰ ሰፈሯን የጻፈች ሴት ናት፣
ደጃፍ በደጃፍ፣ ከዳቦ ቤቱ እስከ ፎቶ ቤት።
«ልብስ ሰፊው በግራ ነው» አሉ አንድ አዛውንት ከኋላ፤
«በቀኝ ነው፤ በግራ የነበረው ሌላ።»
በቀኝ፣ በግራ ሲባባሉ ብርሃኑ አነሰ፤
የሌለው ቤት በክርክር ቆመ፣ ጣራም ለበሰ።

በሦስተኛው ሐሙስ ማንም አልመጣም። ወንበሮቹን መልሼ አጠፍኩ።

አራተኛው የአቶ ደባልቄ ወልደሰንበት ቀን፤
አንድ ልብወለድ ብቻ የጻፉ፣ ያውም በደርግ ዘመን።
እኛ ጋ አንድ ቅጂ አለ፣ ጀርባው በፕላስተር፤
የመጨረሻው የውሰት ማኅተም ከኔ መወለድ በፊት ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራት ሄደ።
የስልክ ብርሃን ከየወንበሩ ተነሥቶ ወደ ገጹ ነጎደ።
ምዕራፍ ሰባት አለቀ። «ምዕራፍ ስምንት» ሲሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣
ከሦስተኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ፣ ጨለማውን ገፍቶ፣ ቀስ ብሎ ነው።

ወይዘሮ አስካለች ናቸው። ሐሙስ ሁሉ ይመጣሉ፤
ጠይቀው አያውቁም፤ ጣቶቻቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ።
መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ይመስለኝ ነበር።

«ይቅርታ» አሉ፣ «በሁለቱ መሐል ሌላ ምዕራፍ ነበረ፤
እናትየው የልጇን ጫማ ይዛ ቀበሌው በር ላይ የምትቆምበት። የት ተሰወረ?»

ደራሲው መነጽራቸውን አወለቁ።
«ማን ነገረዎት? ያንን ያየ፣ ከሳንሱሩ ሌላ የለም።»
«የመታሁት እኔ ነኛ! ቸርችል፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ገጹን በሃምሳ ሳንቲም።»

«ረቂቁን ወሰዱት። ካርቦኑን እኔው አቃጠልኩት፣ ፈርቼ።
ጣቴን ግን የት ላድርገው? በየሌሊቱ ይመታዋል፣ እኔ ተኝቼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቹ ጀመሩ።
አንድ ዓረፍተ ነገር ወጣ፤ ሁለተኛው፤ በሦስተኛው ላይ ቆሙ።
ደራሲው ተቀበሉ፤ ተሳሳቱ፤ ሴትየዋ አረሙ፦
«‹ጫማዎቹን› አላሉም። አንድ ነው። የግራው ብቻ።»
«የግራው» አሉ ደራሲው። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ጣራው ብቻ።

ጉደታ በሩን ትቶ ገባ፣ ዱላውን አቅፎ ተቀመጠ፤
ከባዶዎቹ ወንበሮች አንዱ፣ በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው አገኘ።
እኔ እርሳስ አነሣሁ። ወረቀት አጣሁ።
የስም መመዝገቢያውን ገልብጬ በጀርባው እጽፍ ጀመር፤
እጄ አዝጋሚ ነው፤ ግማሹ ሳይዝልኝ ይበር።

መብራት ሲመጣ ማይኩ ጮኸ፤
ሁላችንም፣ እንደ ሌባ፣ ደነገጥን።

አርብ ጠዋት መጽሐፉን አወረድኩት።
ከሰባት እስከ ስምንት የገጹ ቁጥር ምንም አልዘለለም፤
የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።
ወረቀቱን አጠፍኩና መሐሉ አስገባሁት፤ በአንድ ወገን ጫማው፣
በሌላው «ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ»፣ አሥራ አንድ ሰው።

ከወንበሬ ጀርባ በእጄ የጻፍኩት ማስታወቂያ አለ፦
«በመጻሕፍት ውስጥ ወረቀት ማስቀመጥ ክልክል ነው።»