ቁጥር ሰባት

ቤር ሼቫ፣ ከሰዓት፤ ሐምሌ የአውደ ጥናቱን ጣሪያ ሲልሰው፣
አክስቴ ትርንጎ ጭቃ ታሻለች፣ ክንዷን ላብ እስኪያርሰው።
ከመደርደሪያው ጫፍ አንዲት ሴት ቆማለች፣
እንስራ አዝላ፣ ፊት የላት፣ አንድ እግሯን አንስታለች።
ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም።
ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ስልኬን አወጣሁ፣
በግራ፣ በቀኝ፣ ከኋላም ዞሬ ሃያ ጊዜ አነሣሁ።

የዚያኑ ሌሊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቴን ዘግቼ፣
ቶከን አደረግኳት፣ ብሎክቼኑ ላይ ዋጋ አስገብቼ።
ስም? ይላል ቅጹ። «ቁጥር ሰባት» አልኩት።
አርቲስት? ይላል። የራሴን ጻፍኩበት።

ሳይነጋ ተሸጠች።
የገዛት ሰው ስም የለውም፣ ፊደልና ቁጥር ነው የተደረደረ፤
ከስድስት ወር የቤት ኪራይ የሚበልጥ ገንዘብ ስልኬ ላይ አደረ።

ሁለት ሰንበት አሳልፌ፣ እሑድ ጠዋት ሄድኩ፣
ግማሹን በፖስታ አድርጌ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ።
«ምን ሸጥህ?»
«ያቺን፣ እንስራ ያዘለችውን።»
ቀና ብላ አየች መደርደሪያውን።
«ይኸው ቆማለች።»
«ጭቃውን አይደለም። ባለቤትነቱን።»

እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት።
«አባቴ ሲያርስ ኖረ፣ ባለርስቱ ግን ሌላ፤
እጁን አፈር ያልነካው ጎተራ ሞልቶ በላ።
እኛን ሸክላ ሠሪ፣ ቡዳ እያለ።
ዛሬም እንዲያ ነው በለኛ!»

ላስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለማይፋቀው መዝገብ፣
በሺህ ኮምፒውተር ስለመጠበቁ፣ ስለ መብራት ርሃብ።
«አይፋቅም?» አለች። «ለኔም አልተፋቀልኝ።
ታናሽ እህቴ ናት።
ገዳሪፍ ሳንደርስ፣ በሌሊት፣ ውሃ ልቅዳ ብላ የወጣች፤
ፊት ያልሠራሁላት ረስቼው አይደለም፣ ዞር ሳትል ነው የቀረች።
ሰውዬው ይህን ያውቃል?»

አያውቅም። ገበያው ሲወርድ ፈርቶ መልሶ ሸጧታል፤
ሁለተኛውም ለሦስተኛ፣ በርካሽ፣ አሳልፏታል።
እሷም ከእጅ ወደ እጅ በተሰደደች ቁጥር
ለኔ ዐሥር በመቶ ትልካለች።
ይህን አልነገርኳትም።

ፖስታው እዚያው ነው፣ ጭቃ ነክቶት፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።
«ስሟን ግን» አለች፣ ጭቃዋን መልሳ እየያዘች፣
«ስሟን ጽፈሃል መቼም?»