«እህ» የምትል ገጽ

አፉላ፤ ከቀትር በኋላ። ሐምሲን አቧራውን መስኮት ላይ ነስንሷል፤
ኦፊር ወንበሩን አዙሮ እንደ ልማዱ ይሞግተኛል፦
«ገጽ ማለት ወረቀት ነው፣ ጸጥ ብሎ ቢነበብ ይበቃል፤
ጃቫስክሪፕት ትርፉ ጣጣ፣ ባትሪ ይጠጣል፣ ስልክ ያግላል።»

ሐሰት አልተናገረም። አይቻለሁ እኔም
ለአንድ አንቀጽ ዜና ገጽ ሦስት ሜጋ ሲሸከም፤
አይቻለሁ ደግሞ፣ እንደ ለፍላፊ ሰው፣
እንግዳው ሳይቀመጥ በወሬ ሲያጣድፈው።

ግን አጎቴ ተገኘንም አየሁት፣ ሰንበት እንደወጣ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ለጉልበቱ ቀጠሮ የክሊኒኩን ቅጽ ሲሞላ፤
አሥራ አንድ ሳጥን፣ በአንድ ጣት።
የትውልድ ቀን ላይ ሲደርስ ቆመ።
ማሽላ ሲቆረጥ ነው የተወለደው፤
መታወቂያው ግን ጃንዋሪ አንድ ይላል፣
የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ
በአንድ ሌሊት የተወለደ ይመስል።
መዋሸት ታከተው መሰለኝ፣
ቀኑን ዘሎ «ላክ» የሚለውን ነካ።

ገጹ ነጣ። ሄዶ መጣ።
አሥራ አንዱም ሳጥን ባዶ።
ከላይ አንዲት ቀይ መስመር፦ «ስህተት አለ»።
የቱ ጋ?
ዝም።
ደግሞ ሞላ፤ ደግሞ ነጣ።
በሦስተኛው ስልኩን ሶፋው ላይ ደፍቶ
ይቅርታ ጠየቀኝ፤
እኔን፣ ቅጹን የሠራሁትን።

በእኛ ቋንቋ፣ ኦፊር፣ ሰው ሲያወራ ሰሚ ድንጋይ አይሆንም፤
«እህ» ይላል፣ «ከዚያስ» ይላል፣ አፉን ዘግቶ አይከርምም፤
ሌላው ቢቀር ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፣
ያቺን አጭር አዎ፣
ተናጋሪው መንገድ እንዳይስት።
እኔ ስክሪፕት የምለው ያቺን ትንፋሽ ነው።

ማታውን ጻፍኩት፤ ሰማንያ መስመር አይሞላም።
ቁጥር ከጎደለ ጣቱ ሳይነሳ እዚያው ይነግረዋል፤
ደረጃው ሥር መስመር ቢጠፋ የሞላውን ይዞ ይጠብቀዋል፤
ቀኑን ቢዘል ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፣ በአማርኛ፦
«ቀኑን አያውቁትም? ግድ የለም፣ ዓመቱ ይበቃል።»
ስክሪፕቱ ሳይደርስ ቢቀርም ቅጹ ይላካል፤
ይህችኛዋን ለኦፊር ብዬ ጨመርኳት።

ኦፊር ኮዱን መዘነው። «ዘጠኝ ኪሎባይት» አለ፣
«ከአርማችን ሥዕል ያንሳል።»
እሺ ግን አላለኝም።

ማክሰኞ አጎቴ እንደገና ሞከረ።
ቀኑ ላይ ቆመ። መስኮቲቱ ተከፈተች።
ቀስ ብሎ አነበባትና፣ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣
«ማሽላ ሲቆረጥ ነው» አላት፣ «ዝናቡ ካባራ በኋላ።»

ይህን የሚቀበል ሳጥን የለኝም።
ገና።