ራብዕ

ጉም ደጁን ዘግቶታል፤ ቡርጂዮ ወደብ ላይ፣ ከኮረብታው አናት፣
ራዳሩ ይዞራል፤ አረንጓዴው መስመር ጥቁሩን ሲቃኛት
የሚታይ የለም፤ ዝናብ ነው፣ የዝናብ ትናንሽ ነጥባት።
ሌስተር አልገባም።
ጀልባው የጥድ እንጨት ነው፤ ሞገድ ቢነካው አይጮኽም፣
አይመልስም።

እኅቱ ቬርና ግን አላለቀሰችም። እርሳስ አሾለችና
ከማዕበል ሠንጠረዥ ጀርባ ላይ፣ «ጻፍ» አለችኝ፣ «ተለማማጅ ነህና፤
የላክነው ኃይል ከላይ። የአንቴናው ብርታት፣ እሱም ሁለቴ፣
የሞገዱ ርዝመት፣ እሱም ሁለቴ፤
አስከትል የወንድሜን ጀልባ፣ በሞገድ ዓይን እንጂ በአናጢ ሜትር አይደለም፤
ከታች አራት ፓይ ሦስቴ። ከታች ርቀት። ርቀት ግን አራቴ። ምሕረት አያውቅም።»

ለምን አራቴ?
ሲሄድ ኬላ አለበት፣ ሲመለስ ኬላ አለበት፣
በሁለቱም በር ላይ ቀረጥ በካሬ ነው የሚቆረጥበት።
የፊደል ገበታ ትዝ አለኝ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ከዚያ ራብዕ፤
«በ» ብሎ በሁለት እግሩ እኩል የቆመው
«ባ» ሲል አንድ እግሩ ይረዝማል፤
አፍም ይከፈታል።

«ኃይሉን እጥፍ ብናደርገው?»
ሳትስቅ ሳቀች። «እጥፍ ርቀት ለማየት ዐሥራ ስድስት እጥፍ ነው ዋጋው፤
ይቺ ጄኔሬተር ደግሞ ሻይ ሲጣድባት ታኮርፋለች።»
ስሌቱ አለቀ፦ ስድስት ማይል።
ከዚያ ወዲያ መልሱ ከጫጫታው ያንሳል፤
ወንድም ከዝናብ አይለይም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዐሥራ አንድ ማይል ላይ፣ አንድ ነጥብ።
ጠፋ። መጣ። ጠፋ።
መጣ።
«አይሆንም» አለች፣ ሬዲዮውን ለአዳኝ ጀልባው እያቀበለችኝ፤
እሷ ስሌቱን ከጭራው ያዘች፦ ርቀቱ ይህ ከሆነ፣ ስፋቱስ?
ዐሥራ አንድ እጥፍ። ጀልባ በአንድ ሌሊት እንዴት ይሰፋል?

ጎህ ሲቀድ ጎትተው አመጡት፣ ከንፈሩ ጨው ለብሶ።
ምሰሶው ጫፍ ላይ ሦስት የዳቦ ትሪዎች፣ ማዕዘን ሠርተው፣
በሽቦ ታስረው፣
ከየትም ቢመጣ ሞገዱን ወደ መጣበት የሚመልሱ።
«ብጮኽ አትሰሙኝ» አለ፣ «ሰፋሁላችሁ።»

ቬርና አላቀፈችውም።
ቀና ብላ አየች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች።
«ትሪዎቼን!» አለች፤
እርሳሷ ግን ከእጇ ወድቆ
መርከብ ማሰሪያው ሳንቃ ላይ እየተንከባለለ ነበር።