የዘበኛ ጀርባ

ኑረዲስ ይቸኩላል። ገና በሩ ሳይከፈት
ጥይቱን ያርከፈክፋል እንደ ሰርግ ቤት ርችት።
ሦስት ይጥላል፣ አራተኛው እሱን ይጥለዋል፣
መቆጣጠሪያውን ፍራሽ ላይ ወርውሮ «ኔቱ ነው» ይላል።

ኔቱ አይደለም፣ ወንድሜ። ኔቱን ተወው።
ችግሩ ጣትህ ነው፣ ከጆሮህ የሚቀድመው።

ሻርጃ፣ ሰጃዓ፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ማዶ፣
ስድስት ሆነን በምናድርባት ክፍል፣ ግድግዳው በነሐሴ ነዶ፣
ከዓጅማን አሮጌ ተራ በመቶ ሰማንያ ድርሃም የገዛነው ማጫወቻ
እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ አርብ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ብቻ።

እኔ ጥግ እይዛለሁ። ሳጥን ጀርባ እንበረከካለሁ።
አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አምስት። እቆጥራለሁ።
ቢሽኑ ከላይኛው አልጋ «ሞተሃል እንዴ?» ይላል።
አልሞትኩም። መስማት ጊዜ ይወስዳል።

ጆሮ ነው መጀመሪያ። ዓይን ኋላ ይደርሳል።
ጫማ ብረት ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚጮኽ፣
ምንጣፍ ላይ እንዴት እንደሚሞት፣ ጠጠር እንዴት እንደሚያሳብቅ
ላላወቀ ሰው፣ ጠመንጃው በወርቅ ቢለበጥ ምን ይረባዋል?
ሁለተኛው... ቆይ፣ ቢሽኑ ተራውን ጠየቀ፤
ሁለተኛው ነጥብ ከአፌ ላይ ወደቀ።

ብቻ አምፖል የሚመቱትን አልወድም። ብልጠት ይመስላቸዋል።
ድንገት የመጣ ጨለማ ዘበኛን ያነቃል፤
የኖረ ጨለማ ግን ያስተኛዋል።
ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ሽጉጥስ ትለኛለህ።
ሽጉጡን አፈንክ እሺ፤ የሚወድቀውን ሰው በምን ታፍነዋለህ?

ተኩስ የሐሳብ ማለቂያ ነው፣ ስል
ኑረዲስ ከት ብሎ፣ ትራሱን እየደበደበ፣
«አንተ እኮ ሥራህን ነው የምትጫወተው!» አለ።

እውነቱን ነው። ማታ ማታ ዘበኛ ነኝ።
የሰድር መጋዘን፤ አንድ ባትሪ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለኝ።

ጨዋታው ውስጥ ያለው ዘበኛ ያሳዝነኛል።
ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣
ኮቴ ይሰማና «ነፋስ ነው መሰለኝ» ይላል፣
ወደ መስመሩ ይመለሳል።
ኑረዲስ በዚህች ቃል ሆዱን ይዞ ይስቃል፤
«እንዲህ ያለ ጅል በየትኛው አገር ይቀጠራል?»

ዝም እላለሁ።
ያችን ቃል እኔም ብያት አውቃለሁ።

ሌሊት ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። በአምስተኛው ረድፍ፣
ከተደረደረው ሰድር ጀርባ፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ።
ባትሪዬን ስሰድ እግር አየሁ፣ ጫማ የሌለው፣
ካርቶን የለበሰ፣ ተረከዙ የተሰነጠቀው።
ከአሠሪው የጠፋ ይሁን፣ ኢቃማው ያለቀበት፣ አልጠየቅሁም።
ፊቱንም አላየሁም።
ብርሃኑን ወደ ግድግዳው መለስኩና
«ድመት ናት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በዐረብኛ፣
ከእኔ በቀር ሌላ ዘበኛ በሌለበት መጋዘን።

ከዚያ ወዲህ ስዞር ጫማዬን አስጮኻለሁ።
ቁልፉን አቃጭላለሁ፣ ሳያመኝ እስላለሁ፣
የሚደበቅ ሰው መንገዴን ቆጥሮ እንዲይዝ፣
ስመጣ እንዲሰማ፣ ሳልፍ እግሩን እንዲዘረጋ።
ስንት ሌሊት እንደቆየ አላውቅም።
አንድ ቀን ካርቶኑ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር፣
በሥርዓት፣ እንደ ታጠበ ልብስ።

ስለዚህ ነው ዘበኛ የማልገድለው፣ ኑረዲስ።
በጀርባው አልፋለሁ እንጂ። ነጥቤ ቢቀንስ ይቀንስ።
ጀርባውን ደግሞ አይቼዋለሁ፤ ቀበቶው ላልቷል፣
ቀኝ ትከሻው ትንሽ ዘንበል ይላል።
የሠራው ሰው ይህን ለምን ጨመረበት?
ማንስ ሊያይለት፣ ሁሉ እየሮጠ ሲያልፍበት?

የአውቶቡሱ ጡሩምባ። ሰዓቴ ደረሰ።
የጫማዬን ክር አስራለሁ፣ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ።
ሰውዬዬ እስክሪኑ ላይ እንደተንበረከከ፣ ጨዋታውን ባለበት አቆመዋለሁ።
«እስክመለስ እንዳትነካው።»
«ለምን?»
«ዘበኛው ሊዞር ነው።»