ሳለ

በኤስቢየርግ ወደብ፥ ነፋስ በማያጣው ቦታ፥
የከተማው ሥዕል ቤት አለ፥ ክፍት ነው እስከ ማታ።
እኔ የክፍል ሰባት ዘበኛ ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆምሁ፤
“አትንኩ” እያልሁ ኖርሁ፤ ራሴ ግን አንዴ ነካሁ።

ክፍሌ አንድ ሥዕል ነው፤ ግራጫ ባሕር፥ ግራጫ ሰማይ፥
መሐላቸው አንዲት ጀልባ፥ ጥፍር አክላ ከሩቅ ስትታይ።

ባለፈው ጥቅምት የከተማው ምክር ቤት ተሰበሰበ፤
“ሰው አይመጣም” ተባለ፤ በጀቱ በሳንቲም ተነበበ፤
እናም መሣሪያው መጣ፦
ከራስ የሚጠለቅ መነጽር፥ ባሕሩን የሚያናውጥ፥
ወለሉን ውኃ አስመስሎ ልጆችን የሚያስደነግጥ፤
ስልክ ሲያነጣጥሩባት ጀልባዋ ከሸራው ወጥታ
በተመልካች መዳፍ ላይ የምትንሳፈፍ ለአፍታ።
ደግሞም ከጣራው ጥግ፥ ለውዝ የምታህል ዓይን፥
ማን ስንት ሰከንድ እንደቆመ የምትጽፍ ቀን በቀን።

አልዋሽም፥ ደስ አለኝ። ልጆች መጡ ተንጋግተው፤
ደረቅ ወለል ላይ ዋኙ፥ ጫማቸውን አውልቀው።
አንዲት እናት መነጽሩን እንዳጠለቀች
“ረጠብሁ!” ብላ ቀሚሷን ሰበሰበች።
በዚያ ክፍል ከዚያ በፊት ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤
ለሳቁ ስል፥ መሣሪያውን አልጠላውም።

ቶርኪልም አለ።
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤ ቆቡን ከጉልበቱ ጥሎ
አግዳሚው ላይ ይሰየማል፥ ሁለት እጁን አመሳቅሎ።
አርባ ዓመት የጀልባ ሆድ በቀይ ቀለም የቀባ፥
ሳሙና የማይደርስበት ቀይ በጥፍሩ ሥር የገባ።
መነጽሩን ስዘረጋለት ገፋው፦ “የሚናወጠውን አይቻለሁ፤
እኔ የቆመ ባሕር ፍለጋ እመጣለሁ።”

ታኅሣሥ ሲገባ ሲግነ መጣች፥ ቁጥሯን በታብሌት ይዛ፤
ጥቁር ሹራብ የለበሰች፥ ፈገግታ የማታበዛ።
“የሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማንም” አለች፥ “አልተቆጠረ፤
ያለ ሰው የበራ መብራት፥ ስንቱን ክሮነር አከሰረ።
ክፍሉ ሐሙስ ይዘጋ።”
“ቶርኪልስ?” አልሁ።
የካሜራውን ምስል አጎላችው፤
አግዳሚውን ከነሰውየው በሰማያዊ ሣጥን ከቦ
“ወንበር” ነው የሚለው።

አይንቀሳቀስማ! ሁለት ሰዓት ሙሉ፥ ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር፤
የመሣሪያው ሕግ ደግሞ
የማይነቃነቅ ሁሉ ዕቃ ነው የሚል ነበር።
ሰው ሳለ፥ ወንበር ተባለ።
በዚያ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ያየ፥
ከተመልካች ተራ ተለየ።

ሲግነ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታ
ከጎኑ ተቀመጠች፥ ታብሌቷን በጭኗ ደፍታ።
አንድ ደቂቃ። አራት። እግሯን አወዛወዘች፤
ሃያኛው ላይ እሷም፥ እንደሱ፥ ደነዘዘች።

ያኔ መብራቱ ጠፋ።
(ሰው ከሌለ ራሱ ነው የሚያጠፋ።)
ሦስታችን በጨለማ። ጀልባዋ የለች፤ ሸራው አልታየ፤
ግራጫው ባሕር ከግራጫው ሰማይ አልተለየ።
እኔ ከበሩ ቆሜ ነበር፤ እጄን አላነሣሁም፤
ብወዛወዝ ይበራል፤
አልተወዛወዝሁም።

ከዚያ ሽማግሌው ሳለ።
ከደረቱ፥ በወደብ ጉንፋን፥ አንዴ፥ ሁለቴ ሳለ።
ክፍሉ በራ። ጀልባዋ ተመለሰች። ከጣራው ጥግ
“ጎብኚ፦ አንድ” ተባለ።
(ሲግነ ገና ወንበር ነበረች።)
አርባ ዓመት ጀልባ ቀብቶ፥ አንድ ሥዕል ሳይስል የኖረ
ያኔ ሳለ፤ ስለ ሳለም፥ እንደ ሰው ተቆጠረ።

ማታ ሲግነ በዘገባዋ ጻፈች፦ “ክፍል ሰባት። ሐሙስ። ክፍት ይቆይ።”
“ምክንያት” የሚለውን ሣጥን
ባዶ ተወችው፥ ለሚያይ።