ከበር እስከ አልጋ

ሥራዬ መቁጠር ነው።
ማለዳ፣ የቆጪ ጭቃ ጫማዬ ላይ ሳይደርቅ፣
ከሆስፒታሉ በር፣ ከዘበኛው ከአባ ዲጋ ጎን እቆማለሁ፤
ሳል ይዞት የሚገባ ሕፃን ባየሁ ቁጥር
ሰዓት እጽፋለሁ።
ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የሚሰጠው።

አርባ ሰባት ቁጥር የመጣው ከዴዶ፣
በእናቱ ጀርባ ላይ፣ ከሚኒባስ ወርዶ፣
ጎኑ እየሰረጎደ፣ አፍንጫው ተነፍቶ፣
ለማልቀስ የሚሆን ትንፋሽ እንኳ አጥቶ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ በር።
ለሦስት ሩብ ጉዳይ፤ ካርድ ክፍል፣ ወረፋ።
አራት ከሃያ፤ ሐኪም፣ ለአፍታ።
አምስት ሰዓት፤ «መርፌው ከመውጣቱ በፊት ገንዘብ ቤት ክፈዪ።»
ገንዘብ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሒሳብ ሠራተኛው ሻይ ወጥቷል፣
ቁልፉም አብሮት።

ወረቀቷን ይዛ ትዞራለች፤
ቢጫው ሕንፃ፣ ነጩ ሕንፃ፣ እንደገና ቢጫው፤
እኔ ከኋላዋ፣ እርሳስ ይዤ።
«ኤሳ ዳ?» አለችኝ ዞራ፤ ወዴት ነው?
መመሪያው ግን ተመልካች አይናገርም ይላል፤
መንገድ ያሳየ ሰው መንገዱን አይለካም።
ግራ እንደሆነ አውቅ ነበር።
ግራ ነው አላልኩም።

ስድስት ከአምስት፤ የመጀመሪያው መርፌ።
ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ፤
በሠንጠረዡ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣
ከመቶ ነጥብ መሐል፣ ለዓይን የማትከብድ።

ክረምት ላይ ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ዶክተር ኦብሳ ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣለ፣ ቀስት ሣለ፤
«የእንክብካቤ ፍኖት» ብሎ ከላይ ጻፈበት።
ሲስተር ዘቢባ ሳቀች፤
«መንገድ በለው ዶክተር፣ ለፍኖቱስ ማን ደርሶ!»
አንድ ገጽ ሆነ። ታተመ። በየክፍሉ ተለጠፈ።
በሁለተኛው ወር
አንዱን ቅጂ የፋርማሲው ጠረጴዛ አንካሳ እግር ሥር አገኘሁት፣
በአራት ታጥፎ፤
ሌላው ላይ አንድ ሰው የባጃጅ ነጂ ስልክ ጽፎበታል።
ነጥቦቼ ከነበሩበት አልተነቃነቁም።

አባ ዲጋ ነው ነገሩን የጀመረው፤
«ይሄ ስትጽፈው የምትውለው፣ ምንድን ነው?»
ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣
«ወረቀት እግር የለው፣ ማን ሊወስድ ነው ሰው?
በሩ ላይ ያለሁት እኔ፣ ሳሉን ቀድሜ የምሰማው፤
ከብት ያረባሁ ነኝ፣ ጎን ሲሰረጉድ አውቃለሁ፤
ምልክት ስጡኝ እንጂ፣ እኔ አደርሳለሁ።»

ሲስተር ዘቢባ ከካርቶን ቢጫ ካርድ ቆርጣ ሰጠችው።
«መርፌው ይቅደም፣ ሒሳቡ ይከተል» ለማስባል
ከገንዘብ ቤት ጋር ስድስት ሳምንት ተጣላች፤
ማህተሙ እስኪመታ ድምጿ ተዘጋ።

ከዚያ ነጥቦቹ ወረዱ፤
ሃምሳ ሁለት ደቂቃ፣ አርባ ዘጠኝ፣
አንዳንዴ ሠላሳ።
አባ ዲጋ ለሐዘን ሰርቦ በሄደበት ሳምንት
ተመልሰው ወጡ፤ ሦስት ሰዓት።
ሪፖርቱን ስንጽፍ ዶክተር ኦብሳ ብዕሩን ነክሶ ጠየቀ፤
«ዘበኛውን በየትኛው ዓምድ እናግባው?»
እስካሁን አልወሰንንም።

የዳነና ያልዳነ የሚለው ዓምድ በሌላ ሰው እጅ ነበር፤
ትናንት ተከፈተልኝ።
በማስመሪያ እየሸፈንኩ እስከ አርባ ስድስት ወረድኩ፣
ማስመሪያውን እዚያ ተውኩት።

ዛሬ እርሳስ አልያዝኩም፤ ጥናቱ አልቋል።
አባ ዲጋ ቁርስ ላይ ነው። አንዲት ሴት በሩን አለፈች፣
ጀርባዋ ላይ ሳል።
«ኤሳ?»
«ኮቱ» አልኳት፤ ግራውን ይዤ ቀደምኩ፤
ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን
አላየሁም።